የታንኳ ቤት ያስፈልገናል

ርእሰ አንቀጽ

ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጦ ስለ ጀልባ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ቀልድ ሳይመስለው አይቀርም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ የጉና ብርድ የሚነፍስባት የደጋ ከተማ ናት። በስሟ ገብስና ድንች ይታሰባል እንጂ ዓሣ አይታሰብም። ይሁን እንጂ በጉና ላይ የሚዘንበው ዝናብ መድረሻው የት እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ይረዳዋል። ርብና ጉማራ ከዚሁ ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው፣ ጣና ውስጥ ይገባሉ። የደራ፣ የፎገራና የሊቦ ከምከም ወረዳዎች በምዕራብ በኩል ድንበራቸው ውኃ ነው። እንግዲህ ደቡብ ጎንደር የተራራ አገር ብቻ ሳይሆን የሐይቅ አገርም ነው ማለት ነው። እኛ ግን ከዚህ ሐይቅ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ብቻ ርቀን እየተማርን፣ አብዛኞቻችን መቅዘፊያ በእጃችን ሳንጨብጥ፣ ዋናም ሳንችል ተመርቀን እንሄዳለን። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው እንደኛ ላለው ነው።

ይህ ርእሰ አንቀጽ የሚያቀርበው አሳብ አጭር ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን በጣና ምሥራቅ ዳርቻ አንድ የታንኳ ቤት ያቁም የሚል ነው። አሳቡን ከማብራራታችን አስቀድሞ ግን በሌላ አገር አንድ የተማሪዎች የጀልባ ቤት እንዴት እንደ ተገኘና ምን ፍሬ እንዳፈራ ታሪኩን ማስታወስ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ የውጭ አገሩም ጭምር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሚደረግ የቀዘፋ ውድድር የቆየ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ በ1821 ዓ.ም. መጀመሪያ ተወዳደሩ። በአሜሪካም ሃርቫርድና ዬል በ1844 ዓ.ም. በአንድ ሐይቅ ላይ ተጋጠሙ፤ በዚያች አገር ኮሌጅ ከኮሌጅ ጋር ካደረጋቸው የስፖርት ግጥሚያዎች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። እነዚህ አራቱ የታወቁና የበለጸጉ ትምህርት ቤቶች ስለ ሆኑ ጀልባም የጀልባም ቤት ቢኖራቸው አያስደንቅም። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን ግን የእነርሱ ታሪክ ሳይሆን የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በአሜሪካ መናገሻ ከተማ ሳይሆን፣ በምዕራቡ ጫፍ በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል ባለችው በሲያትል ከተማ ነው። በዚያ ዘመን የአገሩ ሰው ኑሮ እንጨት መቁረጥ፣ ዓሣ ማጥመድና እርሻ ነበረ።

በ1910 ዓ.ም.፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በውኃው ዳር አንድ ትልቅ የእንጨት አዳራሽ ሠራ። የተሠራው በውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ማደሪያ ይሆን ዘንድ ነበር። ነገር ግን ጦርነቱ ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. አበቃና ቤቱ ለታሰበለት ሥራ ሳይውል ቀረ። ተማሪዎቹ ባዶውን አዳራሽ አገኙና የቀዘፋ ጀልባዎቻቸውን አስገቡበት። የስምንት ቀዛፊዎች የውድድር ጀልባ ርዝመቱ 19 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ገላው እጅግ ስስ ከሆነ የዝግባ ዓይነት እንጨት የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ፀሐይና ዝናብ ከተፈራረቀበት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቤት ከሌለ ቡድን አይኖርም። ያ ለጦርነት ታስቦ የተሠራ አዳራሽ እስከ 1941 ዓ.ም. ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል የቀዛፊዎቹ ቤት ሆነ። ዛሬም የሚጠራው በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማኅበር ስም ነው።

በዚያ ቤት ውስጥ ጀልባዎቹ ብቻ አልነበሩም። ጆርጅ ፖኮክ የተባለ እንግሊዛዊ ጀልባ ሠሪ በሰገነቱ ላይ መሥሪያውን ዘርግቶ ነበር። ይህ ሰው ሙያውን ከአባቱ የተማረ እንጂ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ አልነበረም። ከታች ተማሪዎቹ ጀልባ ሲያወጡና ሲያስገቡ፣ ከላይ እርሱ እንጨት ይልጋል፣ ያጎብጣል፣ ያጣብቃል። ተማሪ ሲቸገር ደረጃውን ወጥቶ ያማክረዋል። ከዚያች ሰገነት የወጡ ጀልባዎች በአሜሪካ ውስጥ ለአያሌ ኮሌጆች ተሸጠዋል። ባለሙያውና ተማሪው በአንድ ጣራ ሥር በመገናኘታቸው አንዱ የሌላውን ችግር በየቀኑ ያይ ነበር። የጀልባው አሠራር የተሻሻለውም፣ የቀዛፊውም ስልት የተስተካከለው በዚህ መንገድ ነው።

ውጤቱ በ1928 ዓ.ም. ታየ። ከዚህ ቤት የወጡ ስምንት ቀዛፊዎችና አንድ መሪ በበርሊን ኦሊምፒክ አገራቸውን ወክለው እንዲሄዱ ተመረጡ። አብዛኞቹ የድኻና የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። ሆኖም ማጣሪያውን ካሸነፉ በኋላ ለጉዞው 5,000 ዶላር ራሳቸው ካላመጡ እንደማይሄዱ ተነገራቸው። ዘመኑ የታላቁ የኤኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነበረ። የሲያትል ሕዝብ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዘቡን አዋጥቶ ሰጣቸው። ነሐሴ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በተደረገው የመጨረሻ ውድድር እነዚህ ልጆች፣ ሂትለር ተቀምጦ እያየ፣ የኢጣልያንን ቡድን በስድስት ዐሥረኛ ሴኮንድ ቀድመው ወርቅ አገኙ፤ ጀርመን ሦስተኛ ወጣች። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን በዚያው ዓመት መሆኑን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ዜና ከስፖርት ዜና ትንሽ ከፍ ያለ ትርጉም አለው። አገራችን መንግሥቷ ፈርሶ አርበኞቿ በየጫካው በሚዋደቁበት ክረምት የሙሶሊኒ ቀዛፊዎች በእንጨት ቆራጭና በገበሬ ልጆች ተቀደሙ። ያሸነፈችውም ጀልባ በዚያች ሰገነት ላይ በፖኮክ እጅ የተሠራች ነበረች።

ቡድኑ በ1941 ዓ.ም. ወደ ሌላ ቤት ተዛወረ። አሮጌው አዳራሽ ግን አልፈረሰም፤ በ1967 ዓ.ም. በአገሩ የታሪክ ቅርስ መዝገብ ላይ ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ስለ ልጆቹ የተጻፈው መጽሐፍ በዓለም ላይ እጅግ ከተነበበ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ሲኒማም ከተሠራበት በኋላ፣ ቤቱን ለማየት የሚሄደው ሰው በርክቷል።

ይህን ታሪክ ስናመሰግን ግን አንድ ነገር መደበቅ አይገባም። ያ ቤት የተሠራበት ቦታ፣ ነጮች ከመምጣታቸው በፊት፣ የዱዋሚሽ ነገድ ሰዎች ታንኳቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው የሚያሻግሩበት ሥፍራ ነበረ። በነገዱ ቋንቋ የቦታው ስም ይህንኑ የሚያመለክት ነበር። እነርሱም ከዝግባ ግንድ ታንኳ በመፈልፈል የታወቁ ባለሙያዎች ነበሩ። አዲሱ ቤት ሲመጣ ግን የቀድሞዎቹ ቀዛፊዎች በውስጡ ቦታ አላገኙም። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ልንወስደው የሚገባን ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው፥ ባለሙያና ተማሪ በአንድ ጣራ ሥር ሲሠሩ ዕውቀት ይበረክታል። ሁለተኛው፥ የዳርቻውን ቀዳሚ ባለሙያ ገፍቶ የሚቆም ቤት ጉድለት ያለበት ቤት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሐይቅ እንመለስ። ጀልባ የለንም፣ ጀልባ ሠሪም የለንም ልንል አንችልም። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ የጣና ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ አይቶ ጽፏል። ከእርሱ በፊትም ሆነ ከእርሱ በኋላ ወደ ሐይቁ ብቅ ያለ የውጭ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ታንኳን ሳያነሣ አላለፈም። አሠራሩ በጥቂት ቃል የሚነገር፣ በተግባር ግን እጅ ካልለመደው የማይሳካ ሙያ ነው። ደንገሉ ከዳርቻው ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፤ እስሮቹ ጎን ለጎን ይጠፈራሉ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። በረጅም መቅዘፊያ አንድ ጊዜ በግራ አንድ ጊዜ በቀኝ ይቀዘፋል። ምስማር የለው፣ ቅጥራን የለው። ውኃ ቢገባበትም እንደ እንጨት ጀልባ ተሞልቶ አይሰጥምም፤ ራሱ ደንገሉ ተንሳፋፊ ነውና። ትንሹ አንድ ዓሣ አጥማጅ ይይዛል፤ ትልቁ ማገዶውን፣ እህሉንና መንገደኛውን ጭኖ ከደሴት ወደ የብስ ያመላልሳል። የጣና ገዳማት መነኮሳት ለዘመናት የተገናኙት በዚህ ነው።

ጉድለቱ ዕድሜው ነው። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከሥራ በኋላ ካልተጎተተና ፀሐይ ላይ ቆሞ ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል። ቢጠነቀቁለትም የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ነው። ስለዚህ የዋሺንግተኑ ጀልባ ሙዚየም ገብቶ ሲታይ፣ የእኛ ታንኳ ግን ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው የሚሻገረው በሠሪው እጅ ውስጥ ነው። ሠሪው መሥራት ያቆመ ቀን ታንኳም አብሮ ያበቃል። ቤት ያስፈልገናል ስንል ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ሙያ ቤት ያስፈልገዋል ማለታችን ነው።

የደብረ ታቦር ሰው በዚህ ረገድ የሚያስታውሰው አንድ ታሪክ ሊኖረው ይገባ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማችን አጠገብ ባለችው በጋፋት አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ እንዳሠሩ፣ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በዚያ ቀልጦ እንደ ተሠራ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በሠራዊት ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ እንዳደረሱት የማያውቅ ተማሪ የለም። ነገር ግን እኒሁ ንጉሥ በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ላይ ሰፍረው ሳሉ ሌላም ነገር ሞክረው ነበር። በዚያን ጊዜ አብረዋቸው የነበሩት፣ በኋላም የታሠሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች ራሳምና ብላንክ በየመጽሐፋቸው እንደ ጻፉት፣ ንጉሡ ከደንገል ሁለት እጅግ ታላላቅ ጀልባዎች አሠርተው፣ የእንጨት ወለል አስነጥፈው፣ በግራና በቀኝ በሰው ክንድ የሚዞር መንኮራኩር አስገጠሙባቸው። እንፋሎት ባይኖራቸውም የእንፋሎት መርከብን አሠራር በአገር ደንገልና በአገር ጉልበት ለማምጣት ያደረጉት ሙከራ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ግን ሰፈሩን ኮሌራ ገባበትና ንጉሡ ወደ ቆራጣ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ተዛወሩ። መድፉ ከብረት ስለ ተሠራ ዛሬም መቅደላ ላይ ይታያል። ከጀልባዎቹ ግን የምናየው ነገር የለም፤ አሳቡን ተቀብሎ ያሻሻለ ትምህርት ቤትም አልተነሣም። ያ ሙከራ የትኛው እስር እንደ ላላ፣ የትኛው መንኮራኩር እንደ ከበደ የሚነገርበት አንድ ጣራ ቢያገኝ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ከዚያው ይጀምር ነበር። ጣራ ስላላገኘ ግን የእኛ ትውልድ ታሪኩን የሚያነበው በእስረኞቹ መጽሐፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ የጣና ደንገል አንድ ጊዜ የዓለምን ዐይን ስቦ ነበር። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሊቅ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊያቋርጡ ይችሉ እንደ ነበር ለማስረዳት ፈለገ። በግብፅ ደንገሉ ጠፍቶ ስለ ነበር ወደ ጣና መጥቶ ታንኳዎቹን አየ፤ ለሥራውም የሚሆነው ደንገል ከዚሁ ታጭዶ ወደ ግብፅ ተጫነ። «ራ» የተባለችው ጀልባ በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥታ፣ አብዛኛውን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ካቋረጠች በኋላ ኋላዋ ጎብጦ ተተወች። ሁለተኛይቱ «ራ» ግን በሚቀጥለው ዓመት በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። ደንገሉ የጣና ሲሆን የመጀመሪያይቱን የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች፣ ሁለተኛይቱን የሠሩት ከደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። የእኛ ዳርቻ ያበረከተው ጥሬ ዕቃውን ነው። ይህን የምንለው ሰውዬውን ለመውቀስ አይደለም፤ እርሱ የፈለገውን የጀልባ ዓይነት ከሌላ አገር ጠቢባን አገኘ። ወቀሳው የሚገባው ጥበብ በደጁ ሳለ ሳይጽፈው፣ ሳያስተምረው፣ ሳያሻሽለው ለተቀመጠው ለአገሩ ተማሪ ነው።

እንግዲህ የጣናን ታንኳ የሚያውቀው ማን ነው? መነኩሴውም፣ ባላገሩም፣ ዓሣ አጥማጁም ይቀዝፋል። ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርድ የኖረው ግን ከሁሉ ይልቅ የነገደ ወይጦ ሕዝብ ነው። እነዚህ ወገኖቻችን ኑሯቸው ከደንገል፣ ከዓሣና ከወፍጮ ድንጋይ ጋር የተያያዘ፣ አብዛኞቹ የእርሻ መሬት የሌላቸው የሐይቁ ዳርቻ ሰዎች ናቸው። የራሳቸው የሆነ ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ ጠፍቶ አማርኛ ይናገራሉ። ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለ ነበር ጎረቤቶቻቸው ከማዕድ ሲለዩዋቸው፣ ከጋብቻ ሲለዩዋቸው፣ ስማቸውን እንደ ስድብ ሲጠሩት ኖረዋል። በአገራችን ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ብረት ሠሪውን ቡዳ፣ ሸክላ ሠሪዋን መናኛ ያለ አፍ ታንኳ ሠሪውንም አልማረውም። የምንለብሰውን፣ የምናርስበትን፣ የምንበላበትንና የምንሻገርበትን የሠሩልንን ሰዎች ንቀን፣ እነሆ ዛሬ በየአዳራሹ «የኢንዱስትሪ ባህል የለንም» እያልን እንነጋገራለን። ባህሉ ነበረን፤ የናቅነው እኛው ነን።

ጊዜውም አይጠብቀንም። ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ነው። ውኃው በሸሸ ቁጥር ማረሻ ይከተለዋል። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ የሚታዘዝ ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ ከመውረዱ የተነሣ መርከቦች ሥራ አቁመው ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ታየ፤ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻዎችን፣ ማለትም የእኛን በር ጭምር፣ ሸፈነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገቡ ግን አረም አይነቅልም። ደንገል ሲጠፋ ታንኳ ሠሪው ልጁን ምን ብሎ ያስተምረዋል? ልጁም ወደ ከተማ ሄዶ የቀን ሥራ ይፈልጋል። ሙያው እንዲህ ባለ ዝምታ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንዳንዱ ወንድማችን፣ «አገር በተጨነቀበት፣ ተማሪው ስለ ምግቡና ስለ መጽሐፉ በሚያስብበት ጊዜ ስለ ጀልባ ጨዋታ ታወራላችሁን?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው። የሲያትል ሕዝብ ገንዘቡን ያዋጣው ጠግቦ ሳይሆን ሥራ አጥቶ በነበረበት ጊዜ ነው። ደግሞም ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን፣ የደራንና የሊቦ ከምከምን መንደሮች ባጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ክረምት በመጣ ቁጥር ያ ሜዳ በሥጋት ያድራል። ዋና የሚችል፣ የሚቀዝፍ፣ በውኃ ላይ የማይደነግጥ ሁለት መቶ ተማሪ በአውራጃው ውስጥ መኖሩ በእንዲህ ያለ ቀን ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ሌላው ደግሞ፣ «እኛ ደገኞች ነን፤ ውኃ ባህላችን አይደለም» ይላል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ይህን ሊል አይገባውም። ባህሉን ብቻ ሊማር የመጣ ሰው እናቱ ቤት ቢቀመጥ ይሻለው ነበር። ሦስተኛው፣ «ታንኳ ጊዜው አልፏል፤ ሞተር ጀልባ መጥቷል» ይላል። ሞተር ጀልባ መምጣቱ መልካም ነው፤ እኛም እንሳፈርበታለን። ነገር ግን ሞተሩ ነዳጅና መለዋወጫ ይፈልጋል፤ ይህም የሚገኘው ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ነው። ታንኳ ግን ከዳርቻው ይታጨዳል። ዕድሜው አጭር ነው ከተባለም፣ ዕድሜውን ማርዘም የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ደንገሉን ምን ዓይነት ቅባት ከውኃ እንደሚጠብቀው፣ በየትኛው ወር ቢታጨድ እንደሚጠነክር፣ የትኛው አስተሳሰር እንደማይላላ፣ እምቦጩስ ደርቆ አንዳች ጥቅም ይሰጥ እንደ ሆነ መርምሮ ማወቅ ለኬሚስትሪውም፣ ለዕፀዋቱም፣ ለኢንጂነሪንጉም ክፍል ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ቤቱ ቀላል ይሁን። የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ የሣር ወይም የቆርቆሮ ክዳን፣ ታንኳዎች ቆመው የሚደርቁበት መደገፊያ፣ የታጨደ ደንገል የሚከመርበት ጥላ ይበቃል። የእኛ ታንኳ እንደ ዋሺንግተኑ ጀልባ ከፀሐይ የሚሸሸግ ሳይሆን ፀሐይ የሚፈልግ ነውና አዳራሽ አያስፈልገውም። ቦታው በፎገራ ወይም በደራ ዳርቻ ከነዋሪው ጋር ተመክሮ ይመረጥ፤ የማንንም ማጥመጃና ማጨጃ አይዝጋ።

ሁለተኛ፥ በዚያ ቤት ዋናው ሰው ታንኳ ሠሪው ይሁን። ለማስጎብኘት የሚቆም ሳይሆን መምህር ተብሎ ይጠራ፤ ላስተማረበት ቀን እንደ ማንኛውም አስተማሪ ይከፈለው፤ ለሠራው ታንኳም ዋጋው ይሰጠው። ከነገደ ወይጦ ልጆች መካከል መማር የሚፈልግ ቢኖር ማኅበሩ በትርፍ ጊዜው ያስጠናው። ይህ ካልሆነ እኛም ባለሙያውን ገፍቶ ቤቱን የወረሰውን ሥራ ደገምን ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ዋና ያልተማረ ተማሪ መቅዘፊያ አይያዝ። ሴት ተማሪዎችም እንደ ወንዶቹ ይማሩ፤ ውኃው ወንድና ሴት አይለይም።

አራተኛ፥ መዝገብ ይኑር። የእያንዳንዱ እስር ስም፣ የእያንዳንዱ ክፍል መጠሪያ፣ የአጨዳው ወር፣ ታንኳው ውኃ የነካበትና ከሥራ የወጣበት ቀን ይጻፍ። የዘንድሮው ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ የከርሞው ከባዶ አይጀምር። ለሚታጨደውም ደንገል ምትክ የሚሆን በዚያው ይተከል።

አምስተኛ፥ በዓመት አንድ ቀን በየትምህርት ክፍሉ መካከል የቀዘፋ ውድድር ይደረግ። በባሕር ዳር በጥር በዓል ሰሞን የታንኳ ውድድር ሲደረግ ታይቷል፤ እኛም ቡድናችንን ይዘን ወደዚያ ለመሄድ እንችላለን። መንገዱ ሰላም እስኪሆን መጠበቅ ቢያስፈልግ እንኳ መዝገቡን ለመጀመር፣ ዋና ለመማርና ገንዘብ ለማዋጣት የሚከለክለን ነገር የለም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከእኛው። እያንዳንዱ የማኅበሩ አባል በወር የአንድ ሻይ ዋጋ ቢያዋጣ ምሰሶውና ክዳኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ይቆማል። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የሚጎድለን ቢኖር የከተማችንንና የወረታን ነጋዴዎች ለመጠየቅ አናፍርም፤ ልጆቻቸውም እዚሁ ይማራሉና። ከመንግሥት ወይም ከውጭ ድርጅት እስኪሰጠን መጠበቅ ግን አንፈልግም። በልመና የቆመ ቤት ልመናው ሲያበቃ ይዘጋል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እኛ በዚህ ግቢ የምንቆየው አራት ወይም አምስት ዓመት ነው። ብዙ ማኅበር ብዙ ቃል ተናግሮ፣ አባሎቹ ሲመረቁ ቃሉም አብሮ ተመርቋል። ይህ አሳብ እንደዚያ እንዳይሆን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጥበት፤ አምስት ሰዎች ይመረጡና ወደ ዳርቻው ወርደው ሽማግሌዎቹንና ታንኳ ሠሪዎቹን ያነጋግሩ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸውም «ምን እንሥራላችሁ?» ሳይሆን «ምን ታስተምሩናላችሁ?» የሚል ይሁን። መልሱን በሚቀጥለው እትም ለአንባቢ እናቀርባለን።